አንዲት መምህርት ለስምንት በሬ

ሌሊት በሕልሜ በሬዎች ለቅርጫ ገዙኝ። ፍቱልኝ አላልኩም፤ ፍቺውን ራሴ አውቀዋለሁ። ዝም ብላችሁ ስሙኝ፣ ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ዘርትሁን እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሰባ ስምንት ልጆች አሉኝ፣ ሰባ ስምንቱም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ሰሞኑን ማካፈል ላይ ነን። ማካፈል ማለት እኩል እኩል ማደል ነው ብዬ፣ ጠጠር አስለቅሜ፣ መሬት ላይ ክብ አስምሬ፣ "አንድ ለአንቺ፣ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእሷ" እያስባልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፋሁ። ደግሞ ገብቷቸው ነበር። ያስቸገረችኝ ትርሲት የምትባል አንዲት ፍሬ ልጅ ናት።

የትርሲት እናት ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ልጅቷም ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው ያደገችው። "አሥራ ሰባት ብርቱካን ለአምስት ልጆች እኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ ልጅ ስንት ይደርሰዋል?" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ትርሲት ተነሥታ፣ "ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል ቲቸር። ሁለቱ ምራቂ ነው" አለች።

"ምራቂ አይባልም፣ ቀሪ ነው የሚባለው" አልኳት።

"ቀርቶ ምን ይሆናል ቲቸር? ይበሰብሳላ። ለገዢው ምራቂ ይሰጠዋል እንጂ።"

ክፍሉ በሙሉ ደገፋት። ከዚያ ወዲህ ሰባ ስምንቱም መልሱን ጽፈው ሲያበቁ ከጎኑ "ምራቂ ሁለት" ብለው ይጨምሩበታል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ፈታኙ ምራቂ አያውቅም፤ ሁሉንም በቀይ ነው የሚሰርዝባቸው። ጥቂት ቀን ብቻ፣ ሳላቋርጥ አብሬያቸው ብቀመጥ አስተካክለው ነበር። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ጥቂት ቀን ብቻ። ይህን እያሰላሰልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ጠዋት ነው፣ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነው። ጋሪ ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ፈረስ፣ ጋሪውን ለሚጎትተው ሰውዬ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ጉድጓድ አለ" ሲለው ሰማሁ። ምንም አልገረመኝም። ደህና አደርክ አልኩት፤ ፈረሱም ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። ሰውየው ግን ቀና ብሎም አላየኝ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች በሰልፍ ቆመዋል። ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለዋል። ትርሲት ከፊት ለፊታቸው ቆማ ጥፍራቸውን ታያለች። ከሰልፉ መጨረሻ አቶ ይልቃልን አየሁት። አቶ ይልቃል ማለት በእውኑ ዓለም እኛን የሚቆጣጠር ሰውዬ ነው። ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም ልጆቹን አያይም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ነው የሚያየው።

"አንተ ለምን አረፈድክ?" አለችው ትርሲት።

"ስብሰባ ነበረብኝ ቲቸር።"

"ስለ ምን?"

"ስለሚቀጥለው ስብሰባ።"

"ተንበርከክ" አለችው። ከነሱፉ ተንበረከከ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም ዘወር ብዬ አንድ ጊዜ አይቼው ነው ያለፍኩት።

ክፍሌ ስገባ ልጆቹ የሉም። ዴስኮቹ ላይ ብርቱካኖች ተቀምጠዋል። አሥራ ሰባት ናቸው፣ ሳልቆጥር አወቅኳቸው። አንደኛው፣ ቆዳው የተጨማደደ ትልቅ ብርቱካን፣ ልናገር ብሎ ዴስኩን ነካ ነካ አደረገ። ተናገር አልኩት።

"መምህርት፣ እኛን ማካፈል መቼ ነው የምታቆሙት?"

"ምን ሆናችሁ ደግሞ?"

"እናትሽን በእኛ አስተማሩ። አንቺንም በእኛ አስተማሩ። አሁን ደግሞ አንቺ እነዚህን ልጆች በእኛ ታስተምሪያለሽ። ለአራት ታደልን፣ ለአምስት ታደልን፣ ለስድስት ታደልን። አንድም ቀን አንድም ልጅ ልጦ በልቶን አያውቅም። ከዚህ ክፍል ውስጥ ብርቱካን የቀመሰ ካለ እስቲ አሳዪን።"

ልጆቼ ብርቱካንን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ግማሾቹ ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተው ከእረፍት በኋላ ዴስኩ ላይ ይደፋሉ። ግን አስተማሪ ነኝና አፌ ዝም አይልም፣ "ጥያቄው ስንት ይደርሰዋል ነው እንጂ ይበላዋል ወይ አይደለም" አልኩት።

"እኔም የምልሽ እሱኑ ነው" አለና ከዴስኩ ወረደ። ሌሎቹም ዱብ ዱብ እያሉ ወረዱና በበሩ እየተንከባለሉ ወጡ። ተመለሱ እያልኩ ተከተልኳቸው።

ከበሩ ስወጣ ግቢያችን የለም። ሰፊ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዝጉዟል፤ ዙሪያውን ስምንት በሬዎች ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንደኛው ቢላዋ ይስላል። በዓል በዓል ይሸታል። ሰላም ዋላችሁ አልኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ፣ በጨዋ ደንብ።

"ለምንድን ነው የተሰበሰባችሁት?"

"ለቅርጫ ነዋ" አለኝ ቢላዋ የሚስለው። ዳልቻ ነው ስሙ፤ መልኩም ዳልቻ።

"ምን ገዛችሁ?"

ሁሉም አቀረቀሩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሽማግሌ፣ ጋሽ ቦራ የሚሉት፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "አስተማሪ ነው የገዛነው፣ የኔ ልጅ" አለኝ።

"የትኛዋን አስተማሪ?"

አንገቴን ዳበስ ሳደርግ ገመድ አለ። የገመዱን ጫፍ ተከትዬ ዘወር ብል አቶ ይልቃል ይዞታል። ሱፉ ላይ ከጉልበቱ በታች አሁንም አቧራ አለ። በዱላ ጎኔን መታ መታ እያደረገ ለበሬዎቹ ያሞግሰኛል። "ከኮሌጅ የወጣች ናት። ጠመኔ ስትበላ ነው የኖረችው፣ ጥርሷን እዩ። በሽታ የላትም። ለስምንት ትበቃለች፤ ብትቆጥቡ ለአሥርም ትሆናለች።"

ዳልቻ ተነሥቶ ዞረኝ። "ሥጋ የላትም እኮ።"

"አስተማሪ መቼ ሥጋ ኖሮት ያውቃል? መረቋን እዩላት እንጂ፣ መረቅ ይወጣታል።"

እርር አልኩ። "አቶ ይልቃል፣ አያፍሩም እንዴ?"

"መምህርት ዘርትሁን፣ ስሜታዊ አትሁኚ" አለኝ። "ነገሩ በአሠራር ነው የሚሄደው።"

መቼም ቅርጫ ታውቃላችሁ። አንዱ ሽንጥ፣ አንዱ ጨጓራ ይዞ አይሄድም። ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጎድኑም ለየመደቡ ይገባል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። በሬዎቹም ወጉን አልለቀቁም። ድምፄ ለስምንት ይቆረጥ ተባለ። የእጅ ጽሑፌ ለስምንት። ስሞችን የማስታውስበት ጭንቅላቴ በጥንቃቄ፣ እንዳይፈርስ፣ ለስምንት። ከዚያ ዳልቻ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ "ትዕግሥቷስ? ትዕግሥቷን አላየሁም" አለ።

"አልቋል" አልኩት።

"እንዴት ያልቃል? የአስተማሪ ዋናው ብልት እኮ ነው።"

"ሰባ ስምንት ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ፣ የተሰበረ ሰሌዳ። አንተ ብትሆን ይተርፍህ ነበር?"

ዳልቻ ወደ አቶ ይልቃል ዞረ። "ጎዶሎ ነው የሸጥክልን። እንግዲያው ምራቂ ጨምርልን።"

"ምራቂማ ሞልቶ" አለና አቶ ይልቃል አፏጨ። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ልጆቼ ወጡ። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ለመዝሙር እንደሚወጡት። ትርሲት ከፊት ናት። "እነዚህን ውሰዱ" አለ። "ሰባ ስምንት ናቸው። ሳልቆጥብባችሁ፣ በሙሉ ምራቂ ናቸው።"

ያኔ ደሜ ፈላ። አንቱታውን እዚያው ጣልኩት። "አንተ ሰው፣ ልጆቹን ነው ምራቂ ያልከው? የማንን ልጅ ነው ለማን የምትመርቀው? እነዚህ ልጆች እኮ ጠዋት በውርጭ ነው የሚመጡት። መቀመጫ ሲያንሳቸው ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። የአንዳቸውን ስም ታውቃለህ? የአንዳቸውን ብቻ ንገረኝና እኔ በገዛ እጄ ቅጠሉ ላይ ልጋደም።" አቶ ይልቃል ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ግድግዳ የለም፣ የሚያየው ነገር አጣ። ከዚያ "ቁጥራቸውን አውቃለሁ" አለኝ። ወይ አንተ! ገመዱ ባይዘኝ ኖሮ አንቀው ነበር።

ጋሽ ቦራ ረጋ ብሎ ተነሣ። "ጩኸት አያስፈልግም። እኛ ግፍ አንወድም፣ እኩል እንዲሆን ብቻ ነው የምንሻው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ አንቺው አካፍዪን። ትክክል ከሆነ ያልሽውን እንቀበላለን። እምቢ ካልሽ አቶ ይልቃል በግምቱ ይቆርጥሻል፣ ልጆቹንም ይዘን እንሄዳለን።"

ጠመኔ ሰጡኝ። ሰሌዳ ስላልነበረ ጥቁሩ በሬ ጎኑን ሰጠኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "አንዲት መምህርት ለስምንት በሬዎች እኩል ብትታደል ለእያንዳንዱ በሬ ስንት ይደርሰዋል?" በሬው ጠመኔው እየኮረኮረው ይስቃል፣ ፊደሌ ይወላገዳል።

ልጆቹን እንደማስተምራቸው መሬት ላይ ስምንት ክብ አሰመርኩ። ከዚያ ራሴን ማደል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክብ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ፤ ሰባቱ ባዶ ቀሩ። እኩል አይደለም። ወደ ሁለተኛው ዘለልኩ፤ አሁንም እኩል አይደለም። ስምንቱንም ክብ እንደዚያ ዘልዬ ጨረስኩና እያለከለክሁ ከሁሉም ወጥቼ ዳር ቆምኩ። አሁን ስምንቱም ባዶ ናቸው። ስምንቱም እኩል ናቸው። መልሱ ገባኝ፣ ሳቄ መጣ።

"ለእያንዳንዳችሁ ዜሮ ይደርሳችኋል" አልኳቸው። "ቀሪ አንድ። ቀሪዋ እኔ ነኝ።"

"ዜሮ ይበላል?" አለ ዳልቻ።

"አይበላም።"

ጋሽ ቦራ ክቦቹን አንድ በአንድ እየዞረ አየ። ምንም የሚያነሣው ነገር አላገኘም። ወደ ልጆቹ ዞረና "እናንተ ተማሪዎቿ ናችሁ፣ ትክክል ነው?" አላቸው። ልጆቹ ተንሾካሾኩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከዚያ ትርሲትን ገፉዋት። ትርሲት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።

"ትክክል ነው" አለች። "ዜሮ ዜሮ ይደርሳቸዋል። አንዷ ግን ምራቂ ናት።"

በሬዎቹ በሙሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ምራቂ ከሆነችማ የገዢው ናት" አለ ዳልቻ፣ ቢላዋውን አነሣ። አቶ ይልቃል አጨበጨበ። ትርሲት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቢላዋውን አየች፣ እኔን አየች። አንዲት ቃል ላስለውጣት ስንት ቀን እንደተከራከርኩ ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ድምፅ አልወጣኝም፣ ለካ ለስምንት ቆርጠውት ኖሯል።

"ተሳስቻለሁ" አለች ትርሲት፣ ጮክ ብላ። "ምራቂ አይደለችም። ቲቸር ቀሪ ናት። ቀሪ ማለት ለማንም የማይሰጥ ነው። ስለማይካፈል ነው የሚቀረው።"

እንባዬ መጣ። እንዲህ አድርጎ የመለሰልኝ ተማሪ በዕድሜዬ የለም። ጋሽ ቦራ ራሱን ነቅንቆ "እንግዲህ ሒሳብ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለና ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ።

አቶ ይልቃል ግን ይተዋል? መጽሐፋችንን፣ ያችኑ አንዷን፣ ከብብቱ አወጣት። "የሚቀጥለው ምዕራፍ ክፍልፋይ ነው። እዚያ ላይ አንድም ለስምንት ይካፈላል" አለ።

"ገና አልደረስንበትም" አልኩ፣ ከድምፄ ስምንተኛ እጁ ብቻ ተመልሶልኝ።

"ገጹን መግለጥ ብቻ ነው።"

ጣቱን ምራቁን ሊያስነካ አፉ ውስጥ ሲያደርግ ትርሲት መጽሐፉን ቀማችው። መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ሌላዋ ጉልበቷ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም መጡ፣ ተደራረቡ፣ ሰባ ስምንቱም ተቆለሉበት። ማንም ገጹን ሊገልጥ አልቻለም። ልመናም ቁጣም አልበገራቸውም።

ጋሽ ቦራ አልተናደደም። ጋቢውን መልሶ ተከናነበና ተቀመጠ። "ግድ የለም፣ እንጠብቃለን" አለ። "ልጆች ናቸው፣ ይርባቸዋል።" ስምንቱም ማመስኳት ጀመሩ። ቢላዋው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አቶ ይልቃልም ወንበር አስመጣ።

ብዙ ሳይቆይ የትርሲት ሆድ ሲጮህ ሰማሁት። "አልራበኝም ቲቸር" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ቀጥሎ የሌላው ሆድ ጮኸ፣ ቀጥሎ የሌላዋ። የምሰጣቸው ስፈልግ እነዚያ ብርቱካኖች በሜዳው እየተንከባለሉ መጡ። አሥራ ሰባቱም ተሰልፈው እግሬ ሥር ቆሙ። ትልቁ ብርቱካን "በይ አድዪን፣ ዛሬ እንበላለን" አለኝ። ልጆቹ ከክምራቸው ላይ አንገታቸውን አወጡ። ብርቱካን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

"ስንት ስንት ይደርሰናል ቲቸር?" አለች ትርሲት።

በልቤ አሰላሁት። አሥራ ሰባት፣ ለሰባ ስምንት፣ እኩል። ደግሜ አሰላሁት። ቆርሼ ላድል ብል ክፍልፋይ ነው፤ መጽሐፉን ልግለጥ እንዳልል ደግሞ የተቀመጡበት ለእኔ ሲሉ ነው። በሬዎቹ ማመስኳታቸውን አቁመው መልሴን ይጠብቃሉ፣ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ።

ነቃሁ። ነግቷል። ስልኩ ላይ የዲሬክተራችን የአቶ አምሳሉ ስም ነው። ለደህና ነገር ደውሎልኝ አያውቅም።

"ዘርትሁን፣ ደህና አደርሽ? ድልድሉ ወጣ።"

"የምን ድልድል?"

"ከታች ያሉት ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎቻቸው ለቀዋል። ስለዚህ አንቺን ለሦስታችን አድርገውሻል። ሰኞና ማክሰኞ እዚያ ማዶ፣ ረቡዕና ሐሙስ ወንዙ ዳር፣ ዓርብ እኛ ጋ።"

"ፈተና ደርሷል እኮ አቶ አምሳሉ። ልጆቹ ገና ማካፈል ላይ ናቸው፣ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። እስከ ዓርብ ማን ያስተምራቸዋል?"

"በቡድን ሆነው ይወያያሉ።"

"ሰባ ስምንት ሕፃን፣ ያለ አስተማሪ? ስለ ምን ነው የሚወያዩት?"

"አይ አንቺ ደግሞ" አለኝ፣ አዛጋ። "ዛሬ ገብተሽ ለቡድን ለቡድን አካፍያቸውና ሂጂ። የምታስተምሪያቸው እሱኑ አይደል እንዴ?"